የፒስተን ፒን ክሊራንስ በምን ይለካ? ጣት፣ ጌጅ ወይስ ማሽን ሾፕ

ባለፈው ጥር፣ ቨርጂኒያ በረዶ ለብሳ ሳለ፣ አንድ ወዳጄ የሌክሰስ አይኤስ 300 ሞተሩን ፈታትቶ በካርቶን በካርቶን ጋራዤ ውስጥ አራገፈው። ሞተሩ ያው የቶዮታው 2ጄዜድ ነው፣ ስድስት ሲሊንደር። ቱርቦ ሊጭንበት ስላሰበ ፎርጅድ (በግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተንና አዲስ ቢየላ፣ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘውን ክንድ፣ ገዝቷል። "ሁሉም አዲስ ነው፤ አንተ ገጥመህ ብቻ ስጠኝ" አለኝ። አዲስ ማለት ልክ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ከስድስቱ ቢየላ ሁለቱ ጠባብ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። "ፒኑን በምን ልለካው?" ይሉኛል። እውነትም ግራ ያጋባል። በሃያ ዶላር የሚገዛ መለኪያ አለ፣ በብዙ መቶ ዶላር የሚገዛም አለ፣ ከዚያ ደግሞ "ጣቴ ይበቃኛል" የሚል አዛውንት መካኒክ አለ። የሚገርመው ሦስቱም እንደ ሁኔታው ልክ ናቸው።

መጀመሪያ የምንለካው ምንድነው

የፒስተን ፒን፣ የአዲስ አበባ የድሮ መካኒኮች ስፒኖቶ የሚሉት፣ ፒስተኑንና ቢየላውን የሚያያይዘው ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ ነው። ተንሳፋፊ በሚባለው አሠራር ፒኑ ሁለት ቦታ ይንቀሳቀሳል፦ በፒስተኑ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥና በቢየላው ትንሹ ጫፍ ባለው የነሐስ ቡሽ (ቀለበት መሳይ ሽፋን) ውስጥ። ሁለቱም ቦታ ዘይት የሚቀመጥበት ክፍተት፣ ክሊራንስ የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይቱ ይጠፋል፣ ፒኑ ይግላል፣ ቀዳዳውን ነክሶ ይይዛል። ከሰፋ ደግሞ ሞተሩ ስራ ፈት ሲዞር ቀጭን የሚደጋገም ኳኳታ ይሰማል፣ ቡሹም እየተቀጠቀጠ ይሄዳል።

ስንት ይሁን? ለፎርጅድ ፒስተን ብዙ ሞተር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ከ0.0006 እስከ 0.0010 ኢንች ነው። ቡሹ ላይ ከ0.0008 እስከ 0.0012። ከፒስተኑ ወይም ከቢየላው ጋር የመጣው ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ግን ወረቀቱን ስሙ፣ እኔን አትስሙ። 0.0008 ኢንች ማለት ወደ 20 ማይክሮን ነው፤ ከራስ ጸጉር ውፍረት ሲሶ አይሞላም።

ሁሉም ሞተር ተንሳፋፊ አይደለም። የድሮው 350 ስሞል ብሎክ ሼቭሮሌ 0.927 ኢንች ፒን አለው፤ ፋብሪካው ቢየላው ውስጥ ጨምቆ ያስገባዋል። እዚያ ክፍተት የምትፈልጉት ፒስተኑ ላይ ብቻ ነው። ቢየላው ላይ የሚለካው ፒኑ ከቀዳዳው በስንት እንደሚወፍር ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፒኑን ከግራና ከቀኝ በሚይዙት ክሊፖች መካከል ያለው የጎን ክፍተት ከዚህኛው ይለያል። አንዳንዱ ያንን ለክቶ "ፒኑን ጨርሻለሁ" ይላል። አልጨረሰም።

በምን በምን እንመዝናቸው

መሣሪያ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው፣ 0.0001 ኢንች ያያል ወይ? አሜሪካኖቹ ቴንዝ ይሏታል፤ 2.5 ማይክሮን ገደማ ናት። የተፈቀደልን ስፋት አራት ቴንዝ ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ቴንዝ የሚሳሳት መሣሪያ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው፣ የቀዳዳውን ቅርጽ ያሳያል ወይ? ቀዳዳ ሞላላ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሊጠብም ይችላል። በጣም የተለመደው ግን አፉ እንደ መለከት ተከፍቶ መሃሉ ጠባብ የሚሆነው ነው። አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ መለኪያ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። መሣሪያው ፒኑንና ቀዳዳውን በቀጥታ ያነጻጽራል ወይስ ሁለት ቁጥር ሰጥቶኝ እኔ ልቀንስ ነው? ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው። ፒኑን ስትለኩ ሦስት ቴንዝ ብትሳሳቱ፣ ቀዳዳውን ስትለኩ በተቃራኒው ሦስት ብትሳሳቱ፣ ስትቀንሱ ስህተቱ ስድስት ይሆናል። ስምንት ቴንዝ ክፍተት ፍለጋ ወጥታችሁ ስድስት ቴንዝ ስህተት ይዛችሁ ገባችሁ ማለት ነው። የፒኑ ትክክለኛ ውፍረት ለብቻው ብዙም አይጠቅመንም። የቀዳዳው ስፋትም እንደዚያው። የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ከዚያ በኋላ የእጅ ልምድና ኪስ ይመጣሉ። ዛሬ የጀመረ ሰው ይችለዋል ወይ? ከዚህ ሞተር በኋላስ መሣሪያው ሥራ አለው ወይስ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ይጠጣል?

ከውድድሩ የሚወጡት

ካሊፐር አይሆንም። ተራ ዲጂታል ካሊፐር እስከ 0.02 ሚሊሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ ያ ደግሞ የምንፈልገው ክፍተት ራሱ ነው። የትኛው ፒን የየትኛው ሞተር እንደሆነ ለመለየት ተጠቀሙበት፣ በቃ።

ለክራንክሻፍት ብሮንዚን የምንጠቀምባት ተጨፍላቂ የፕላስቲክ ክር፣ ፕላስቲጌጅ፣ እዚህም አትሠራም። እሷ የምትሠራው ክዳን ተከፍቶ ተመልሶ ሲታሰር ነው። የፒን ቀዳዳ ሙሉ ክብ ነው፤ ፒኑ እየተንሸራተተ ሲገባ ክሯን ይጠርጋታል።

ጣት

ልጅ ሆኜ ሶማሌ ተራ አካባቢ በለማጅነት ስሠራ አለቃዬ መለኪያ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ፒኑን በቀጭን ዘይት ቀባ ያደርገዋል፣ ፒስተኑን ያዘነብላል፣ ዝም ብሎ ያያል። "በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይውረድ" ይል ነበር። "ከዘለለ ሰፍቷል፣ ከቆመ ጠቧል።" ያኔ አስማት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውየው ትልቁን ነገር ገብቶት ነበር፤ ፒኑን ራሱን የቀዳዳው መለኪያ አድርጎታል። ምንም መቀነስ የለም።

ግን ጣት የሚናገረው ስለ ጠባቧ ቦታ ብቻ ነው። መሃሉ ጠቦ ሁለቱ አፎቹ የተከፈቱ ቡሽ ለጣት "ደህና" ይመስላል። ሥራ ላይ ግን ፒኑ የሚያርፈው በዚያች ጠባብ ቀለበት ላይ ብቻ ነው። ዘይቱም ያታልላል። ወፍራም የመገጣጠሚያ ቅባት ቀብታችሁ ከሞከራችሁ ሰፊው ቀዳዳ ሁሉ ጠባብ ይመስላችኋል። ቀጭን ዘይት ይሁን፣ ሁልጊዜም ያው አንድ ዓይነት።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍት ለአንዳንድ ሞተሮች ፒስተኑን ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቃችሁ ፒኑን በአውራ ጣት ግፉት ይላሉ። ይህ ለፋብሪካው ፒስተን ነው። በብርድ ቢጠብቅ ችግር የለውም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። ያንን መመሪያ አንብቦ፣ ፎርጅድ ፒስተኑ በብርድ አልገባ ሲለው "ኧረ ይሄማ የተለመደ ነው፣ መጽሐፉም ብሏል" ያለ ሰው አውቃለሁ። ሲፈታው ሁለት ፒን ፒስተኑ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ጣትን እንደ መጀመሪያ ማጣሪያ ያዙት። ሁሉንም ፒን በሁሉም ቀዳዳ ሞክሩ፣ ከሁለቱም በኩል አስገቡ። ነጻ ነው፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የተለየ ስሜት የሰጣችሁን በቾክ ምልክት አድርጉበት።

ቲ ጌጅ ከማይክሮሜትር ጋር

ይቺ ቲ ቅርጽ ያላት ነገር ናት። ቀዳዳ ውስጥ ታስገቧታላችሁ፣ ክንፎቿ በስፕሪንግ ይከፈታሉ፣ እጀታዋን ጠምዝዛችሁ ትቆልፏታላችሁ፣ ከዚያ አውጥታችሁ በማይክሮሜትር፣ ውፍረትን በረቂቁ በሚለካው መሣሪያ፣ ትለኳታላችሁ። ርካሽ ናት። 22 ሚሊሜትር ለሆነው የ2ጄዜድ ፒን ከስብስቡ ውስጥ ከ19 እስከ 32 ሚሊሜትር የምትደርሰዋ ትሆናለች።

ችግሯ እጅ ናት። በጣም ከጨበጣችሁ ያንሳል፣ ከላላችሁ ይበዛል፣ ጠመም ካለች ውሸት ትናገራለች። ለወዳጄ ለማሳየት አንዱን ቀዳዳ አምስት ጊዜ ለካሁት። 0.8667፣ 0.8670፣ 0.8668፣ 0.8671፣ 0.8669 አገኘሁ። ፒኑ 0.8661 ነው። ስትቀንሱት ክፍተቱ ከ0.0006 እስከ 0.0010 ሆነ። ያው አንድ ቀዳዳ፣ ያው አንድ እጅ፣ ከጥብቅ ጫፍ እስከ ልቅ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ወዳጄ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ለዓመታት በዚህ ሠርቻለሁ።

በየቀኑ የሚሠራበት ሰው በጥሩ ስሜት ወደ ሁለት ቴንዝ ሊያወርደው ይችላል። በዓመት አንዴ የሚያነሳት ግን አይመናት። የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው በጣም እንደሚለይ ትነግራችኋለች፣ የመጨረሻውን ፍርድ ግን ለሌላ ተዉት።

ዳያል ቦር ጌጅ

ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ስፋቱን ሰዓት በሚመስል ባለመርፌ ገጽ ላይ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ቅዳሜያችንን ያዳነው ይሄ ነው። ግን ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ለሲሊንደር የሚሆነው፣ ከ2 እስከ 6 ኢንች የሚለካው ነው። እሱ 22 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ጭንቅላቱም አይገባ። የሚያስፈልጋችሁ ከ18 እስከ 35 ሚሊሜትር የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ላይ ያለውን ክፍልፋይ አንብቡ። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ በ0.01 ሚሊሜትር ወይም በ0.0005 ኢንች የተከፈሉ ናቸው። በእሱ ላይ አንዲት ቴንዝ መፈለግ በመንገድ ካርታ ላይ የቤታችሁን በር እንደ መፈለግ ነው። 0.0001 ኢንች ወይም 0.002 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሚል ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሜትሩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መቆንጠጫ) ላይ ቀስ አድርጋችሁ እሰሩት። ፒኑን በማይክሮሜትሩ ያዙት፣ መንካቱን ብቻ እስኪነካ፣ ከዚያ ቆልፉት። ቁጥሩን ማንበብ አያስፈልግም፤ የምር አያስፈልግም። ፒኑን አውጡና የቦር ጌጁን ጫፍ በዚያው ክፍተት ውስጥ አስገቡ። ወዲያ ወዲህ፣ ላይና ታች እያወዛወዛችሁ መርፌው የሚመለስባትን ነጥብ ፈልጉ። እዚያ ላይ ሰዓቱን ዜሮ አድርጉት። አሁን ጌጁ "ዜሮ" ሲል ፒኑን ማለቱ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ስታስገቡትና ስታወዛውዙት፣ መርፌው ከዜሮ የራቀው ያህል ክፍተቱ ነው። መቀነስ የለ፣ ማይክሮሜትሩ በትንሹ ተሳስቶ ቢሆንም ስህተቱ በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ይጠፋፋል። አለቃዬ በጣቱ ያደርገው የነበረው ነገር ነው፣ አሁን ግን ቁጥር አለው።

ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር መርፌው ወደ ግራ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ቀን ይሄ አሳስቶኝ ሰፊውን ጠባብ ብዬ ጽፌያለሁ።

ቡሹን ሦስት ጥልቀት ላይ ለኩት፦ በአንዱ አፍ፣ መሃል፣ በሌላው አፍ። በእያንዳንዱም ሁለት አቅጣጫ፦ በቢየላው ቁመትና በወርዱ። ፒስተኑ ላይ ደግሞ ሁለቱን ቀዳዳዎች ለየብቻ፣ የውስጥና የውጭ ጫፋቸውን። ብዙ ፎርጅድ ፒስተኖች ቀዳዳው ውስጥ የዘይት ቦይ ተቆርጦላቸዋል። የጌጁ ጫፍ ቦዩ ውስጥ ከገባ ትልቅ ቁጥር ያሳያችሁና ልባችሁን ያወርደዋል። አዙሩትና እንደገና ሞክሩ።

ባለሦስት ጥፍር የውስጥ ማይክሮሜትርም አለ። ራሱን መሃል ላይ ስለሚያቆም እጅን አይጠይቅም። ግን ውድ ነው፣ ሦስት ነጥብ ስለሚነካም ሞላላ ቀዳዳን ክብ አስመስሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ለዚህ ሥራ ባለሁለት ነጥቡን እመርጣለሁ።

ጌጅ ፒን

ልኩ የታወቀ የብረት ዘንግ ነው፣ ወይ ይገባል ወይ አይገባም። ፒናችሁ 0.8661 ከሆነ 0.8669 የሆነው መግባት አለበት፣ 0.8673 የሆነው ደግሞ መግባት የለበትም። እንዲህ ሲባል ቀላልና ደስ የሚል ነው። ነገር ግን በስብስብ የሚሸጡት በ0.001 ኢንች ነው የሚዘሉት፤ በቴንዝ የሚለዩትን አንድ በአንድ ማዘዝ ይኖርባችኋል። ርካሹ ደረጃ፣ ዜድ ዜድ የሚባለው፣ ራሱ 0.0002 ኢንች መዛነፍ ይፈቀድለታል፤ ይህ ከጠቅላላ አራት ቴንዛችን ግማሹን ይበላል። ኤክስ ደረጃ ግዙ። እሱም እንደ ጣት የሚነግራችሁ ስለ ጠባቧ ቦታ ብቻ ነው።

አንድ ዓይነት ሞተር ደጋግሞ ለሚሠራ ጋራዥ ግን ወርቅ ነው። ለማጅ ልጅ እንኳ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ማሽን ሾፕ

ደህና ማሽን ሾፕ ለዚህ ብቻ የተሠራ ጌጅ አለው፤ እንደ ሳነን ባሉ የሆኒንግ (ቀዳዳን በድንጋይ እየሞረዱ ማስፋት) ማሽን ሠሪዎች የሚወጣው ዓይነት፣ ፒኑን አስቀምጠው ዜሮ ያደርጉታል፣ ቀዳዳውን ያስገባሉ፣ ልዩነቱን ያያሉ። እኛ በሞርሳ በጭንቅ የምንሠራውን እነሱ በደቂቃ ይጨርሱታል። ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ የሚለየው ደግሞ ጠቦ ከተገኘ እዚያው የሚያስተካክሉት መሆናቸው ነው።

ይሁን እንጂ ዓይን ጨፍኖ ማመን የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቦታ የሰጠኋቸው አራት ቢየላዎች "ልክ ሆነዋል" ተብለው መጡ። በጣት ሲሞከሩ ግሩም ነበሩ። በቦር ጌጅ ሳያቸው መሃላቸው ከአፋቸው በአምስት ቴንዝ ይጠባል። ልጁ ሆኒንግ ሲሠራ ቢየላውን ጫፍና ጫፍ ላይ ብዙ አቆይቶታል። ወሰድኩት፣ አሳየኋቸው፣ አኩርፈው አስተካከሉት።

ስትሰጡ ፒኖቹን አብራችሁ ስጡ፣ በቁጥር ምልክት አድርጋችሁ። ያለ ፒን ቢየላ ብቻ መስጠት ጫማ ሰፊ ጋ እግርን ቤት ትቶ እንደ መሄድ ነው። በጥቁር ሽፋን የተለበጠ ፒን ካላችሁ ደግሞ የሚለካው ከነሽፋኑ ነው። "ልክ ነው" የሚል ቃልም አትቀበሉ፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠይቁ።

ብርዱን አትርሱ

ይሄኛው ከመሣሪያ ምርጫ በላይ ሰው አሳስቷል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 22 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ፣ ፒስተኑና ፒኑ አብረው በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቁ ክፍተቱ አንዲት ቴንዝ ያህል ይጨምራል። ይህ ብዙም አይደለም። ጉዱ ያለው ሁለቱ የተለያየ ሙቀት ላይ ሲሆኑ ነው።

ያን ቅዳሜ ወዳጄ ፒስተኖቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ አመጣልኝ። ለብ እንዳሉ ናቸው፣ 40 ዲግሪ ይሆናሉ። ፒኖቹ ደግሞ መስኮቱ ሥር በረዶው አጠገብ አድረዋል፣ 5 ዲግሪ ቢሆኑ ነው። የመጀመሪያው ፒስተን 0.0013 ክፍተት አሳየ። "ሰፍቷል! ይመለስልኝ!" ብሎ ስልኩን አነሳ። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ቡና አፈላን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያው ፒስተን፣ ያው ፒን፣ 0.0008። ከአምስቱ ቴንዝ አንዱም የፒስተኑ ጥፋት አልነበረም።

የዓለም የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በትክክል እዚያ ባትደርሱም ፒን፣ ፒስተን፣ ቢየላ፣ ማይክሮሜትርና ጌጅ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይደሩ። ፒኑን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ወሬ አታውሩ። ኪስም አትክተቱት።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ቴንዝ ያያል? | የቀዳዳ ቅርጽ | ፒንና ቀዳዳን በቀጥታ ያነጻጽራል? | የእጅ ልምድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ካሊፐር | አያይም | አያሳይም | አይ | ትንሽ | ዝቅተኛ |
| ጣትና ቀጭን ዘይት | በግምት | ጠባቧን ቦታ ብቻ | አዎ | በጣም ብዙ | ነጻ |
| ቲ ጌጅና ማይክሮሜትር | ለለመደ እጅ | በመጠኑ | አይ፣ ይቀነሳል | በጣም ብዙ | ዝቅተኛ |
| ዳያል ቦር ጌጅ፣ በፒኑ ዜሮ የተደረገ | አዎ | አዎ | አዎ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ባለሦስት ጥፍር ማይክሮሜትር | አዎ | ሞላላን ሊደብቅ ይችላል | አይ፣ ይቀነሳል | ትንሽ | ከፍተኛ |
| ጌጅ ፒን፣ ኤክስ ደረጃ | በተገዛው ልክ | ጠባቧን ቦታ ብቻ | በተዘዋዋሪ | ትንሽ | እንደ ቁጥሩ |
| ማሽን ሾፕ | አዎ | አዎ፣ ከጠየቃችሁ | አዎ | የእነሱ ነው | በየሥራው |

እናንተ የትኛው ጋ ናችሁ?

የፋብሪካ ፒስተን ያለበት፣ ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ሞተር እያደሳችሁ ከሆነ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ጣት ይበቃል፣ ከመጽሐፉ ጋር። የተበላ ፒን ካለ ለማየት ፒኑን ሦስት ቦታ በማይክሮሜትር ለኩት፤ መሃሉ ከጫፎቹ ከቀጠነ ጣሉት።

በሕይወታችሁ አንድ ፎርጅድ ሞተር ብቻ ለመሥራት ላሰባችሁ፣ መሣሪያ አትግዙ። ያንን ብር ለማሽን ሾፕ ክፈሉ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ቤት ስትመጡ በጣት ደግማችሁ ፈትሹት። ወረቀቱና ጣታችሁ ካልተስማሙ ተመለሱ።

ለጓደኛ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት እየተባለ በዓመት ሁለትና ሦስት ሞተር ጋራዡ ውስጥ ለሚያልፍ ሰው (እኔን ይመለከታል) ከ18 እስከ 35 ሚሊሜትር የሆነ ቦር ጌጅና በቴንዝ የሚነበብ ከ0 እስከ 1 ኢንች ማይክሮሜትር ይበቃዋል። ብር ካጠረ ማይክሮሜትሩ ላይ ቆጥቡ፣ ጌጁ ላይ አትቆጥቡ። ለንጽጽር ስንጠቀምበት የማይክሮሜትሩ ድርሻ ፒኑን ይዞ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነውና።

አዲስ አበባ ያላችሁ ጋራዥ ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ "ስልክ አምጣልኝ" ከማለት በፊት ይሄንን አስቡበት። ቦር ጌጅ በሣጥኑ ሻንጣ ውስጥ ሸሚዝ መሃል ይገባል። አብዛኛው የምትነኩት ቶዮታ ስለሆነ ለፒኖቹ ልክ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ጌጅ ፒን ቢጨመሩበት ለለማጆቹ ይቀላል።

ከፍተኛ ቱርቦ ወይም ውድድር ከሆነ ሁለቱንም አድርጉ፤ ሾፑ ይሥራው፣ እናንተ በራሳችሁ ጌጅ ደግማችሁ እዩት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነጻ መፍትሔ አለ። አንድ ስብስብ ውስጥ ያሉ ፒኖች ሁሉ እኩል አይደሉም፣ በአንድ ቴንዝ ሊለያዩ ይችላሉ። ወፍራሙን ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ፣ ቀጭኑን ጠባቡ ውስጥ አድርጉና እንደገና ለኩ። ክብደታቸውን በሚዛን ማረጋገጥ ብቻ እንዳትረሱ። የወዳጄ ሦስተኛው ቢየላ 0.0007 ነበር፤ ከአምስተኛው ጋር ፒን አቀያየርነው፣ 0.0008 ሆኖ ገባ። ሁለተኛውና ስድስተኛው ግን 0.0004 እና 0.0005 ነበሩ፣ እነሱን ፒን መቀያየር አያድናቸውም። ቡሹ ላይ ቁጥራቸውን በማርከር ጻፍኩ፣ ለየትኛው ፒን እንደሆኑ በቴፕ አሰርኩ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ቢየላና ስድስቱንም ፒን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሾፑ ወሰድኳቸው።